ጥራቱ ሳይቀንስ

(አዲስ አበባ፣ ረፋድ ላይ፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ የድምፅ ስቱዲዮ፤ የራስ መተማመን አሰልጣኙ ልዑልሰገድ ቆሟል፣ የድምፅ ባለሙያዋ ምንትዋብ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።)

ልዑልሰገድ፦ ላላ አድርጊው አልኩሽ እኮ።

ምንትዋብ፦ እኔም አላደርገውም አልኩዎት።

ልዑልሰገድ፦ አንዲት ቃል! ንግግሩን ቀይሪ አላልኩሽ፣ ሰው ጨምሪ አላልኩሽ። አንዲት ቃል ላላ አድርጊና እንገላገል። ሰዉ ሊንኩን ይዞ እየጠበቀ ነው።

ምንትዋብ፦ ቃሏ ከላላች ትርጉሙ ይገለበጣል፣ ጋሼ።

ልዑልሰገድ፦ ይገልበጣ! ይህን ሁሉ ዘመን ሰው የሳቀው ተገልብጦ ነው። ዛሬ አንቺ መጥተሽ ልታቃኚው ነው?

ምንትዋብ፦ ማስታወቂያዎ ግድግዳው ላይ አለ። እስቲ ያንብቡልኝ።

ልዑልሰገድ፦ «ድፍረት በስድስት ካሴት፤ አሁን በስልክዎ! ጥራቱ ሳይቀንስ ያውርዱ።» እሰይ፣ አስተካክለሽዋል። መጀመሪያ «ያዋርዱ» ብለሽ ጽፈሽ ጉድ አድርገሽኝ ነበር።

ምንትዋብ፦ አንዲት ፊደል ናት ያሳሳተችኝ።

ልዑልሰገድ፦ አንዲት ፊደል! ተመልከቺ፣ አሁን አንዲት ፊደል ለአንቺም ቀላል ሆነች።

ምንትዋብ፦ «ጥራቱ ሳይቀንስ» ይላል።

ልዑልሰገድ፦ የድምፁ ጥራት ነዋ! የእውነቱ ጥራት ከአፌ መቼ ወጣ?

ምንትዋብ፦ ፋይሉ ይከብዳል፣ የሰውን ካርድ ይበላል፣ ትንሽ እናሳንሰው ስልዎት ያበዱብኝ እርስዎ ነዎት። «ትንፋሼ እንኳ እንዳትጎድል» ብለው።

ልዑልሰገድ፦ ትንፋሼ! የኔ ትንፋሽ ነው ያልኩት። የዚያች ሴትዮ ትንፋሽ ቢጎድል ማን ይጠይቀኛል? ይልቅ ቶሎ በይ። ስልኬንም አስጠፍተሽኝ እዚህ ጨለማ ውስጥ አቁመሽኛል።

ምንትዋብ፦ ስልክ ሲበራ ስፒከሩ ጥዝዝ እያለ ያስቸግረኛል። አንዴ ልክፈትልዎት፤ ካዳመጡ በኋላ ላላ አድርጊ ካሉኝ ያኔ እንነጋገራለን።

ልዑልሰገድ፦ እሺ ክፈቺ። እኔ ድምፄን መስማት ሰልችቶኝ አያውቅም።

ምንትዋብ፦ የእሷ ማይክ ለብቻ ነው የተቀዳው፣ የአዳራሹ ደግሞ ለብቻ። ካሴት ላይ ሁለቱን ስትደባልቋቸው ነው ድምጿ የጠፋው። አሁን የእሷን ብቻ ነው የምከፍተው። ይስሙ። … ሰሙ?

ልዑልሰገድ፦ «ቤት ውስጥ እመታለሁ።» ሰማሁ። ደንቆሮ አይደለሁም።

ምንትዋብ፦ እንዴት አድርጋ አለችው?

ልዑልሰገድ፦ አጥብቃ።

ምንትዋብ፦ «መ»ዋም ጠብቃለች፣ «ታ»ዋም ጠብቃለች። ሲጠብቅ ሰው ይመታኛል ማለት ነው። ሲላላ ነው እኔ ነኝ ሰው የምመታው የሚሆነው። እርስዎ ምን ብለው መለሱላት?

ልዑልሰገድ፦ «ማንን? ባልሽን?» ሃ! ይኸው አሁንም ያስቀኛል። አዳራሹ ሊፈርስ! አሰላ እንደዚያን ቀን ስቆ አያውቅም። ቀጥዬ ደግሞ «በይ እጅሽን ሰብስቢ!» አልኳት። ያቺን ንግግር እኮ ታክሲ ረዳት ሳይቀር ይላት ነበር። ወንበር ላይ ተዘርግታ የተቀመጠችውን ሁሉ «እጅሽን ሰብስቢ!»

ምንትዋብ፦ ትዝ ይለኛል። ትምህርት ቤትም ይባል ነበር።

ልዑልሰገድ፦ አየሽ! አድገሽበታል። እና ይህን የመሰለ ነገር ልትገድይልኝ ነው? ቃሏ ከጠበቀች እኮ ቀልዱ ሞተ። አንዲት የምትደበደብ ሴት «እደበደባለሁ» አለች፣ እኔ ደግሞ ቀለድኩባት፤ ይኸው ነው የሚሆነው።

ምንትዋብ፦ የሆነውም ይኸው ነው።

ልዑልሰገድ፦ አፍሽን ያዝ አድርጊ።

ምንትዋብ፦ ከሳቁ ስር ያለውንም ላሰማዎት?

ልዑልሰገድ፦ አያስፈልግም።

ምንትዋብ፦ ሰው እየሳቀ እሷ ማይኩን አልለቀቀችም። «ኧረ እኔን ነው… እኔን ነው የሚመታኝ… ጋሼ፣ እኔን ነው» ትላለች።

ልዑልሰገድ፦ አውቃለሁ።

ምንትዋብ፦ ያውቃሉ?

ልዑልሰገድ፦ አጠገቧ ቆሜ አልነበር እንዴ? ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነበር። መጀመሪያ ስትለውም አጥብቃ እንዳለችው ሰምቻለሁ። የኔን ጆሮ ከማን አሳነስሽው?

ምንትዋብ፦ እና እያወቁ…

ልዑልሰገድ፦ እያወቅኩ! አዳራሹ ሞቶብኝ ነበር፣ ሰው ያዛጋል፣ ከኋላ ያሉት ኮታቸውን መደረብ ጀምረዋል። በዚህ መሃል አንዲት ሴትዮ ተነስታ ባሌ ይመታኛል አለች። ምን ልበላት? ሁላችን ተቃቅፈን እናልቅስ? ሰው ሊጠነክር ነው ወደኔ የመጣው፣ ለቅሶማ ሰፈሩም ሞልቶለታል። ስለዚህ ላላ አድርጌ ሰማሁት። እኔ በጆሮዬ ያላላሁትን አንቺ በኮምፒውተር ማላላት አቃተሽ?

ምንትዋብ፦ በስሟም ቀልደውባታል።

ልዑልሰገድ፦ እታፈራሁ! ረስቼው ነበር እኮ። «ማን ትባያለሽ?» ስላት «እታፈራሁ»። «ፈራሁ? ገና ሳንጀምር?» አልኳት። የድፍረት ሥልጠና ላይ እታፈራሁ የምትባል ሴት! እግዜር ራሱ ነው የላከልኝ።

ምንትዋብ፦ ወንድሟ ነው ያወጣላት። እህት አገኘሁ፣ እት አፈራሁ ብሎ።

ልዑልሰገድ፦ አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አመጣሽው?

ምንትዋብ፦ ሰው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነግሮኛል።

ልዑልሰገድ፦ ምን ሆነ? ሴትዮዋ ታዋቂ ሆነች። ስንቱ ከፍሎ የማያገኘውን።

ምንትዋብ፦ ባሏ ካሴቱን ገዝቶ ለሽማግሌዎች ወሰደላቸው። ልፍታት ብሎ ነበር፣ ምክንያት አጥቶ። ቴፑን መሃል አስቀምጠው ከፈቱት። እሷ እዚያው ተቀምጣ «እኔ እንደዚህ አላልኩም» ትላለች። አጠንጥነው ደግመው ሰሙት። ካሴቱ የኮፒ ኮፒ ነው፣ ሽሽሽ ይላል፣ የጠበቀው ሁሉ ላልቷል። ከላይ ደግሞ የእርስዎ «ባልሽን?» አለ። «በገዛ አፍሽ!» አሏት። ቤቱም ለእሱ፣ ልጃቸውም ለእሱ ተባለ። እሷን በለበሰችው ልብስ አስወጧት።

ልዑልሰገድ፦ እኔ ሽማግሌ አልሆንኩ። ፍረዱበት ብዬም አልሸጥኩት።

ምንትዋብ፦ ልጅቷ «እናትሽ አባትሽን ስትደበድብ ያዟት» እየተባለች አደገች። ይህንኑ አምና ኖረች።

ልዑልሰገድ፦ ስሚ ምንትዋብ፣ የሰው ታሪክ አታብዢብኝ። ታሪክ መተረክ የኔ እንጀራ ነው፤ በአንቺ አፍ አያምርም። አሁን የአዳራሹን ክፈቺልኝ፣ ሳቁ እንዴት እንደወጣ ልስማው።

ምንትዋብ፦ ይኸው።

ልዑልሰገድ፦ ወይ ግሩም! ጎኔ የተቀመጡ ነው የሚመስለው። ይህን ነዋ ጥራት የምለው! … ቆይ፣ ቆይ። መልሺው እስቲ። እዚህ ጋ አንዲት ልጅ አለች።

ምንትዋብ፦ የት ጋ?

ልዑልሰገድ፦ አትቀልጂ፣ ከእኔ ቀድመሽ ሰምተሻታል። ከፊት በኩል። መጀመሪያ አንድ ወንድ ብቻውን ይስቃል፣ ወፍራም ሳቅ። እሱን ተከትላ ልጅቷ ኪኪኪ! ከዚያ ነው ሰው ሁሉ የሚከተለው። ካሴቱ ላይ ይህቺ ልጅ ተሰምታ አታውቅም እኮ!

ምንትዋብ፦ አዎ። እኔም ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ድንቅ ናት! ማስታወቂያውን በእሷ ሳቅ እንክፈተው። በነፃ የሚወርደው ናሙና ላይ መጀመሪያ እሷ ኪኪኪ ትበል፣ ከዚያ እኔ ልግባ። ልጅ ስትስቅ የሰማ ሰው «ምስኪን ሴትዮ» ብሎ አያስብም፣ አብሮ ይስቃል። ቁረጪና አስቀምጪልኝ።

ምንትዋብ፦ ልጅቷን ያስታውሷታል?

ልዑልሰገድ፦ አባቷ ጭን ላይ ነበረች መሰለኝ። ቀይ ሪባን፣ ጥርሷ የወለቀ። ይኸኔ ትልቅ ሴት ሆናለች።

ምንትዋብ፦ ሆናለች።

ልዑልሰገድ፦ ታውቂያታለሽ?

ምንትዋብ፦ የድምፅ ሥራ ነው የምትሠራው።

ልዑልሰገድ፦ እታፈራሁ እናትሽ ናት?

ምንትዋብ፦ እናቴ ናት።

ልዑልሰገድ፦ አሃ። ለዚህ ነዋ! እኔ ደግሞ ስለ ሙያዋ የምትከራከር ጨዋ ልጅ አገኘሁ ብዬ። እና ሆን ብለሽ ነው ሥራውን የወሰድሽው?

ምንትዋብ፦ አይደለም። ወድጄ ነው የመጣሁት። አባቴ «የልዑልሰገድን ሥራ ልትሠሪ ነው?» ብሎ ጎረቤት ሁሉ ጠርቶ ደግሶልኛል። እኔም እናቴን ልሰማት አልነበረም፤ ሽሽሹን ላጠፋ ነው ቁጭ ያልኩት። ሽሽሹ ሲጠፋ «መ»ዋ ጠበቀች። ጆሮዬን አላመንኩም። ሄድፎን ቀየርኩ። አሁንም ጠበቀች።

ልዑልሰገድ፦ አባትሽን ጠየቅሽው?

ምንትዋብ፦ «የድሮ ነገር ነው» አለኝ። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው።

ልዑልሰገድ፦ ብልህ ሰው ነው። ታውቂያለሽ፣ እናትሽ መድረክ ላይ በፈቃዷ አልነበረም የወጣችው። «ማን ደፍሮ ይወጣል?» ስል ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ነው ክንዷን ይዞ ወደ ላይ ያነሳው፣ እየሳቀ። «እሷ! እሷ!» እያለ። አባትሽ ነዋ! አሁን ገና ገባኝ።

ምንትዋብ፦ ክንዷን ይዞ?

ልዑልሰገድ፦ ጥፍሩ እስኪገባ። ይህ ካሴቱ ላይ የለም፣ ድምፅ የለውማ። የማታውቂው ነገር ከሆነ ስጦታዬ ነው።

ምንትዋብ፦ እና እሱ እያየ ነው የተናገረችው። ስድስት ካሴት ሙሉ ስለ ድፍረት ያወራሉ፤ ስድስቱም ውስጥ የደፈረው ሰው አንድ እሷ ብቻ ናት።

ልዑልሰገድ፦ ያምራል። ጻፊውና ፌስቡክሽ ላይ ለጥፊው። ከእኔ ምን ፈለግሽ?

ምንትዋብ፦ ማይኩ ይኸው። «ያቺ ሴት ትመታ ነበር፣ እኔ አውቄ ቀለድኩባት» ብለው ይቅዱልኝ። እሱን መጨረሻው ላይ አስገባለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ልዑልሰገድ፦ ድፍረት የሚያስተምር ሰው አፉን ሞልቶ «አጥፍቻለሁ» ይበል? ማን ሊያወርደኝ ነው ከዚያ በኋላ?

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ ለምኜዎት አላውቅም። አሁን እየለመንኩዎት ነው። ሠርጌ ላይ እናቴ መጥታ ነበር። ነጠላዋን አጣጥፋ፣ የሆነ ነገር በፌስታል ይዛ። በር ላይ ለቆመው ልጅ «ተደባዳቢ ናት፣ እንዳታስገባት» አልኩት። የሰው ፊት አላየችም፣ ዞራ ሄደች። ባቱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች አሉኝ። ይህን ቅጂ ከሰማሁ በኋላ ደወልኩላት። «ማን ልበል?» አለችኝ።

ልዑልሰገድ፦ እና ምን አልሽ?

ምንትዋብ፦ ዘጋሁት።

ልዑልሰገድ፦ አየሽ፣ የኔን ካሴት አዳምጠሽ ቢሆን ኖሮ አትዘጊውም ነበር። ሦስተኛው ላይ ስለዚሁ ነው የማወራው።

ምንትዋብ፦ ይቀልዳሉ።

ልዑልሰገድ፦ አልቀልድም። እውነቱን ልንገርሽ? እኔና አንቺ አንለያይም። እኔ ቀለድኩ፣ አንቺ ሳቅሽ። ያለ አንቺ ሳቅ የኔ ቀልድ ምን ነበር? አባትሽ ጀመረ፣ አንቺ ተቀበልሽው፣ አዳራሹ ተከተለ። እናትሽ ከሁሉም ቀድማ ወደ ማን ዞራ ያየች ይመስልሻል? ወደኔ? ወደ ባሏ? እኔ አጠገቧ ነበርኩ አልኩሽ። ወደ ባለ ሪባኗ ልጅ ነው ያየችው።

ምንትዋብ፦ ይበቃል።

ልዑልሰገድ፦ አይበቃም። ይህን እንዳለ ብትለቂው እናትሽ ትሰማዋለች። ስልክ የሌለው ሰው የለም ዛሬ፤ አንሶላ አጣቢም ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። የልጇን ሳቅ የማታውቅ ይመስልሻል?

ምንትዋብ፦ … ታውቀዋለች?

ልዑልሰገድ፦ እናት አይደለችም እንዴ? በደንብ ነው የምታውቀው። እስከ ዛሬ ግን ምናልባት «የልጄ አልነበረም፣ የሌላ ልጅ ነው፣ ግርግር ነበር» እያለች ራሷን አታልላ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ጥራቱ ሳይቀንስ ልትልኪላት ነው። ጎሽ የኔ ልጅ!

ምንትዋብ፦ ምን ላድርግ ታዲያ?

ልዑልሰገድ፦ እንደሱ በይ። እኔ ጨካኝ አይደለሁም። ያንቺን ሳቅ አውጪው፣ ጥፍት አድርጊው፤ ናሙናውም ይቅርብኝ። ማንም ሳይሰማሽ ያልፋል። በምትኩ የእናትሽን ቃል ላላ አድርጊልኝ። እሷ እንደሆነ ለምዳዋለች። አንቺ ንጹሕ ትሆኛለሽ፣ እኔም ሥራዬን እሠራለሁ። ይህ አይሻልም?

ምንትዋብ፦ እሺ።

ልዑልሰገድ፦ ጎበዝ! ይኸውልሽ፣ ራስን ማሸነፍ ማለት ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ያምማል፣ ከዚያ ይለመዳል። ብዙ ጊዜ ይፈጃል እንዴ?

ምንትዋብ፦ አይፈጅም። ትንሽ ይጠብቁኝ።

ልዑልሰገድ፦ አይዞሽ። ሲያልቅ ምሳ እጋብዝሻለሁ። ክትፎ ትወጃለሽ? ሥራውን ስትጨርሺ የሚቀጥሉትንም ላንቺ ነው የምሰጠው፤ ቂም የለኝም። … አለቀ?

ምንትዋብ፦ አልቋል። ልልቀቀው?

ልዑልሰገድ፦ ልቀቂው!

ምንትዋብ፦ እርግጠኛ ነዎት? አንዴ ከተለቀቀ በሰዉ ስልክ ላይ ነው፤ እዚህ ቢጠፋ እዚያ አይጠፋም።

ልዑልሰገድ፦ እኔን ነው እርግጠኛ ነህ ወይ የምትይው? ስለ መጠራጠር አንድ ሙሉ ካሴት አለኝ። ልቀቂው አልኩሽ!

ምንትዋብ፦ ለቀቅኩት።

ልዑልሰገድ፦ ተመስገን። በይ እስቲ ያላላሽውን ልስማው፣ ጆሮዬ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ።

ምንትዋብ፦ ይስሙ።

ልዑልሰገድ፦ … ጠብቋል እኮ!

ምንትዋብ፦ አዎ፣ ጠብቋል።

ልዑልሰገድ፦ የተሳሳተውን ፋይል ነው የከፈትሽው?

ምንትዋብ፦ የተለቀቀውን ነው የከፈትኩት።

ልዑልሰገድ፦ ሳቁስ? ሳቁን ምን አደረግሽው?

ምንትዋብ፦ የአዳራሹን ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ የእሷ «እኔን ነው» ጥርት ብሎ እንዲወጣ። ከዚያ የእርስዎ «ባልሽን?» ይመጣል። ትንፋሽዎ እንኳ አልጎደለም። ምንም አልጨመርኩም።

ልዑልሰገድ፦ ያንቺስ?

ምንትዋብ፦ ከፊት ያለነው ሁለታችንም እንሰማለን። አባቴም እኔም።

ልዑልሰገድ፦ አብደሻል! ትሰማሻለች እኮ! በእናትሽ ስትስቂ ራሷ እናትሽ ትሰማሻለች!

ምንትዋብ፦ ትስማኝ። ስቄያለሁ።

ልዑልሰገድ፦ አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው! ኧረ የሰው ያለህ! … የኔ ልጅ፣ ስሚኝ፣ የፈለግሽውን እቀዳልሻለሁ፣ ማይኩን ስጪኝ። በእናትሽ አጥፊው!

ምንትዋብ፦ በማን?

ልዑልሰገድ፦ ምንትዋብ… በእናትሽ…

ምንትዋብ፦ ስልክህን ክፈት፣ ልዑልሰገድ። ሰው እያወረደህ ነው።